ተጨማሪ መረጃ፦ የሰፈር ጫጫታ ስንት ዴሲቤል ነው?
የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው። ልኬቱ ግን እንደ ሜትር ወይም ኪሎ ግራም ዝም ብሎ አይደመርም። አንድ ወፍጮ 70 ዴሲቤል ቢያሰማና አጠገቡ ሌላ ተመሳሳይ ወፍጮ ቢነሳ፣ መለኪያው 140 ሳይሆን 73 ገደማ ያነባል፤ 80 ለመድረስ 10 ወፍጮዎች ያስፈልጋሉ! ሲለካ መሣሪያውን ከግድግዳ ማራቅ ይገባል፤ ግድግዳ ድምፅ እየመለሰ ንባቡን ከፍ ያደርገዋልና።

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ገደብ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የሌሊቱ ጠበቅ ማለቱ ተገቢ ነው፤ ሕፃናትና ሕመምተኞች እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል።

ጫጫታን ለመቀነስ ከሁሉ የሚሻለው ከምንጩ መጀመር ነው፦ ለጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ መግጠም፣ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ከሞተሩ ሥር ወፍራም ጎማ ማንጠፍ። ርቀትም ይረዳል፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ከሞተሩ ያለን ርቀት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።