የሥርዓተ ፆታ የሥራ ክፍፍልና ጤና፦ ታካሚ ለምን ዘግይቶ ይመጣል?

በሕክምና ካርዶች ላይ ደጋግመው ከሚጻፉ ሐረጎች አንዱ «ዘግይታ መጣች» የሚለው ነው። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ያለፋት ወላድ፣ የዓይኗ ብሌን ጠባሳ ከያዘ በኋላ የመጣች የትራኮማ ታካሚ፣ ሆዱ በጣፊያ እብጠት ተነፍቶ የደረሰ የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚህ አንድ ሐረግ ይጠቃለላሉ። ሐረጉ እውነት ቢሆንም ምክንያቱን አይናገርም። ከዚህም የተነሣ መዘግየቱን የታካሚው ግድየለሽነት ወይም ያለማወቅ ውጤት አድርጎ ማየት የተለመደ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኅብረተሰቡ ለሴትና ለወንድ የሚሰጠው የሥራ ድርሻ በሽታን፣ የቤተሰብን ገንዘብና ወደ ሕክምና የመምጫን ጊዜ እንዴት እንደሚወስን ማስረዳት፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያው በዚህ ረገድ ሊያደርግ የሚችለውን ማመልከት ነው።

ፆታና ሥርዓተ ፆታ

ፆታ በተፈጥሮ የሚገኝ ነው፤ ማርገዝ፣ መውለድና ማጥባት የሴቷ ናቸው። ሥርዓተ ፆታ ግን ኅብረተሰቡ ከፆታ በመነሣት የሚደለድለው የሥራ፣ የመብትና የኃላፊነት ድርሻ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገርና ሕፃን ማዘል የሴት፣ ሞፈር መጨበጥ፣ ከብት መሸጥና በሽምግልና መቀመጥ የወንድ ሥራ እንዲሆን ያደረገው ልማድ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው የቆየ ብሂል ይህንኑ የውሳኔ ክፍፍል በአጭሩ ይገልጸዋል። ልማድ የፈጠረው በመሆኑም እንደ ዘመኑና እንደ ኑሮው ሁኔታ ይለወጣል።

የዚህ ክፍፍል ኢኮኖሚያዊ ገጽታ ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ሥራ 76.2 በመቶ የሚሆነውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገለጸው በታዳጊ አገሮች ካለው የግብርና የሰው ኃይል ውስጥ የሴቶች ድርሻ በአማካይ 43 በመቶ ነው። እነዚህ ሴቶች የመሬት፣ የብድርና የማዳበሪያ አቅርቦትን ከወንዶች እኩል ቢያገኙ የእርሻቸው ምርት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር እንደሚችልም ድርጅቱ ገምቷል። በሌላ አነጋገር ሴቷ ብዙ ትሠራለች፤ የሥራዋ ፍሬ ግን በእጇ ገንዘብ ሆኖ አይገባም። ይህ እውነታ ለጤና ባለሙያው ምን ትርጉም እንዳለው ቀጥለን እንመለከታለን።

የሥራ ድርሻና የበሽታ ተጋላጭነት

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ትራኮማ ነው። የበሽታው አምጪ ባክቴሪያ በብዛት የሚገኘው በትናንሽ ሕፃናት ዓይንና አፍንጫ ፈሳሽ ላይ ነው። ሕፃኑን የምታዝለው፣ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው፣ አብራው የምትተኛውም እናት ወይም ታላቅ እኅት ናት። ኢንፌክሽኑ ለዓመታት ሲደጋገም የዓይን ሽፋን ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ሴቶች በትራኮማ ምክንያት የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ልዩነቱ በዋነኛነት የሚመነጨው ሕፃናትን ለመንከባከብ ከተሰጣቸው ድርሻ ነው።

የማገዶ ጭስም እንዲሁ ነው። መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ በኩበትና በእንጨት ምጣድ የምታሰማ ሴት፣ በጀርባዋ ካዘለችው ሕፃን ጋር በየዕለቱ ለሰዓታት ጭስ ትተነፍሳለች። ከቤት ውስጥ አየር ብክለት ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን የሚገመት ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ ሴት ሥር በሰደደ የሳንባ በሽታ ስትያዝ «ታጨሻለሽ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «የምታበስይው የት ነው?» የሚለው ወደ ምክንያቱ ያደርሰናል።

የሥራ ክፍፍሉ ወንዱንም አይምርም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በመተማና በሁመራ ቆላማ አካባቢዎች ለሚታየው የካላዛር በሽታ በእጅጉ ከሚጋለጡት መካከል ከደጋው ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ የሚወርዱ ወጣት ወንዶች ይገኙበታል። ቤተሰብን ለመደጎም ርቆ ሄዶ የቀን ሥራ መሥራት የወንድ ድርሻ ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ በጥቁር መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር በምትራባው የአሸዋ ዝንብ የሚነደፈው ሜዳ ላይ የሚያድረው ወንዱ ነው። ከትዳርና ከቤተሰብ ርቆ መኖሩም ለኤች አይ ቪ ያጋልጠዋል፤ የሁለቱ በሽታዎች መደራረብ ደግሞ ሕክምናውን እጅግ ያከብደዋል።

ወንዱም የሚዘገየው በድርሻው ምክንያት ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ሰው ሕመምን መናገር እንደ ድክመት ይቆጥረዋል። የቀን ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ሕክምና ቢሄድ የዕለት ገቢው ይቀርበታል። በመሆኑም ሳሉን ደብቆ፣ ትኩሳቱን ችሎ ይቆያል፤ የሚመጣውም ጉልበቱ ሲከዳው ነው።

ገንዘቡና ውሳኔው በማን እጅ ነው?

በእናቶች ሞት ጥናት ውስጥ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባለው፣ ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ማብራሪያ ለብዙዎቻችን የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ለመሄድ በመወሰን፣ ሁለተኛው ጤና ተቋም በመድረስ፣ ሦስተኛው በተቋሙ ውስጥ ተገቢውን እርዳታ በማግኘት ረገድ የሚፈጠር መዘግየት ነው። የሥርዓተ ፆታ ድርሻ በይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው ላይ ነው።

በገጠር የምትኖር አንዲት ወላድን በምሳሌነት እንውሰድ። በእጇ የሚገባው ገንዘብ በአብዛኛው ከዕንቁላል፣ ከዶሮና ከቅቤ ሽያጭ የሚገኝ ሲሆን ለጨውና ለበርበሬ ይውላል። ለመጓጓዣና ለሕክምና የሚበቃ ገንዘብ የሚገኘው በግ ወይም በሬ ሲሸጥ ነው፤ ይህ ደግሞ የባል ውሳኔ ነው። ባል ገበያ ከሄደ ወይም ለሥራ ቆላ ከወረደ ውሳኔው እስኪመለስ ይጠብቃል፤ አለዚያም ወደ አማቶች ይዞራል። አማቲቱ «እኛም እዚሁ ነው የወለድነው» ካሉ ጉዳዩ ለነገ ያድራል። በቃሬዛ የሚሸከሟት ወንዶችም ከማሳ ተጠርተው መሰባሰብ አለባቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ወላዷ ምናልባት አደጋውን በሚገባ ታውቀው ይሆናል። የጎደላት ዕውቀት ሳይሆን ሥልጣን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ከተጠየቁት ሴቶች መካከል ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ለራሳቸው ሕክምና ለመሄድ ፈቃድ ማግኘት ችግር እንደሚሆንባቸው ገልጸዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የሕክምና ገንዘብ ማግኘትን ጠቅሰዋል። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ግማሹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። አካሏ ሳይጠና ያገባች፣ በባሏ ቤት ድምፅ የሌላት ልጅ ምጥ ሲራዘምባት መጨረሻው የሕፃን ሞትና ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል በጥገና ቀዶ ሕክምና ወደ ሰው መሐል የመለሳቸው ሴቶች ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ የሚነሣ ነው።

እርግጥ ነው፣ ለውጥ አለ። እ.ኤ.አ. የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ይደነግግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በጋራ ንብረታቸው ላይ እኩል የማስተዳደር መብት ሰጥቷል፤ የጋብቻንም ዕድሜ 18 አድርጓል። በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በባልና በሚስት ስም መሰጠቱ ሌላው እርምጃ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥርም እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 5 በመቶ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ይሁንና በሕግ የተጻፈው መብት ከምድጃው ዳር እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

አገልግሎቱን ከኑሮው ጋር ማስማማት

የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያስተምረን ይህን እውነታ ያገናዘበ የጤና አገልግሎት ውጤት ያስገኛል። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ሴት ሠራተኞችን ከቤት ወደ ቤት በመላክ 12 ሚሊዮን በሚሆኑ ቤተሰቦች ውስጥ ላሉ እናቶች ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከጨውና ከስኳር የሚዘጋጀውን ሕይወት አድን ፈሳሽ አስተምሯል። እናቶቹ ወደ ውጭ እምብዛም ስለማይወጡ ትምህርቱ ወደ ቤታቸው መሄዱ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት እናቶቹ ዝግጅቱን በሚገባ ተምረው ሳለ ብዙዎቹ ሥራ ላይ አላዋሉትም። ምክንያቱ ሲጠና ከትምህርቱ ውጪ የተደረጉት ወንዶች አዲሱን ነገር እንዳልደገፉት ታወቀ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹን በገበያ፣ በመስጊድና በትምህርት ቤት ማነጋገር ተጀመረ፤ አጠቃቀሙም ተሻሻለ።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአብዛኛው ሴቶችን መልምሎ በማሠልጠኑ የቤት ውስጡን በር ከፍቷል። ሴት ለሴት ስለ ወሊድና ስለ ቤተሰብ ዕቅድ በነፃነት ትነጋገራለች። ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት በምትዞርበት ሰዓት ባልየው ማሳ ላይ ነው። ገንዘቡንና ውሳኔውን የያዘው ሰው ትምህርቱን ሳይሰማ ይቀራል ማለት ነው።

የእናቶች ማቆያም ሌላ ምሳሌ ነው። በጉራጌ አካባቢ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሩቅ የሚኖሩ እናቶችን ከምጥ በፊት ሲያስተናግድ ቆይቷል። ማቆያ ቤት መኖሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። እናቲቱ ለሁለት ሳምንት ከቤት ስትርቅ እንጀራውን ማን ይጋግራል? ውኃውን ማን ይቀዳል? ትንንሾቹን ልጆች ማን ይይዛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ካልተገኘ አልጋው ባዶውን ይከርማል። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ቦታ መዘጋጀቱ እናቶችን የሳበውም ከኑሯቸው ጋር ስለተስማማ ነው።

በዕለት ተዕለት ሥራችን ምን ማድረግ ይቻላል?

ከላይ የተዘረዘሩትን ጉዳዮች ከሥራችን ጋር ስናያይዛቸው የሚከተሉትን ነጥቦች ማንሣት ይቻላል።

አንደኛ፣ በታካሚ ታሪክ ውስጥ የሥራ ድርሻን መጠየቅ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ስትባል «የቤት እመቤት» ብላ የምትመልስ ሴት በቀን ስንት ጊዜ ውኃ እንደምትቀዳ፣ ምን ያህል እንደምትሸከም፣ በምን እንደምታበስል ብትጠየቅ ብዙ የሕክምና ፍንጭ ይገኛል። ወንዱንም ባለፈው ዓመት ለሥራ የት እንደወረደ መጠየቅ ካላዛርን ወይም ወባን ቀድሞ ለመጠርጠር ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ቀጠሮን ከኑሮው ጋር ማገናዘብ። የገበያ ቀን፣ የአጨዳ ወቅትና የጸሎት ቀናት ታካሚው መምጣት አለመምጣቱን ይወስናሉ። በገበያ ቀን የሚሰጥ የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ በማታ ወይም በበዓል ቀን የሚደረግ የወንዶች ምርመራ ተጨማሪ በጀት ሳይሆን የሰዓት ሽግሽግ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የወሊድ ዝግጅት ዕቅድን ስሙን ከመጥራት አልፎ በተግባር መነጋገር። ባል ባይኖር ማን ይወስናል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቃሬዛውን እነማን ይሸከማሉ? ዕድሩ ለቀብር እንደሚደርስ ሁሉ ለወላድም እንዲደርስ ከዳኛው ጋር መነጋገር ይቻላል።

አራተኛ፣ ባልን ማሳተፍ፣ ግን በሴቷ ፈቃድ። ከላይ በተጠቀሰው የ2016 ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑት ሴቶችና 28 በመቶ የሚሆኑት ወንዶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት እንዳለ ገልጸዋል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የኤች አይ ቪ ውጤትን ወይም የወሊድ መከላከያን ጉዳይ እርሷ ሳትፈቅድ በባል ፊት ማንሣት ለዱላ ሊዳርጋት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ለብቻዋ ማነጋገር፣ ከዚያም ከፈቀደች ባልን መጋበዝ ይገባል። ባል አልመጣም ተብሎ አገልግሎት መከልከል ግን ሴቷን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

አምስተኛ፣ ተግሣጽን መተው። ሁለት ቀን በምጥ ተሠቃይታ የመጣችን እናት «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብሎ መቆጣት የመጀመሪያውን መዘግየት አይመልስም። ይልቁንም በሚቀጥለው እርግዝና እርሷም ጎረቤቷም ከጤና ተቋም እንዲሸሹ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ የመዘግየቱ ምክንያት እኛው ሆንን ማለት ነው።

ማጠቃለያ

የጤና ባለሙያ የመሬት ሕግ አያወጣም፤ የጋብቻን ልማድም በአንድ ቀን አይለውጥም። ነገር ግን ልማዱ በሰው አካል ላይ የሚጥለውን ጠባሳ ከማንም በፊት የሚያየው እርሱ ነው። ስለሆነም «ዘግይታ መጣች» ብለን በምንጽፍበት ካርድ ላይ ያዘገያትን ነገር አንድ መስመር እንጨምር፤ ገንዘብ፣ ፈቃድ፣ ሸክም፣ የሚይዝላት ያጣችው ልጅ፣ የባል አለመኖር። እነዚህ መስመሮች በወሩ መጨረሻ ተሰባስበው በጤና ጣቢያው ስብሰባ ላይ ሲነበቡ የትኛው መዘግየት በቀበሌ፣ የትኛው በዕድር፣ የትኛውስ በራሳችን ሊቃለል እንደሚችል ይታወቃል።