ከባድ መኪና በዓባይ በረሃ ቁልቁለት የሚሰማው ጎዳና

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው፣ ድልድዩንም ተሻግሮ ወደ ደጀን በሚወጣው ጎዳና ዳር ቆሞ፣ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ሲያልፍ አተኩሮ ያየ ሰው፣ ጎማው በጉብታው ላይ ሲዘል ጭነቱ ገና እንዳልሰማ፣ ባሌስትራው ተለምጦ ከተመለሰ በኋላ ግን ዘግይቶ እንደሚወዛወዝ ያስተውላል። ይህን ነገር በቍጥር ለመያዝ የሚሹ ሊቃውንት መኪናውን በሐሳብ በታትነው ከላይ ሻንሲውንና ጭነቱን፣ ከታች አክስሉንና ጎማውን፣ በመካከላቸውም ባሌስትራውንና አሞርዛተሩን ብቻ በማስቀረት የሒሳብ አምሳል ያበጁለታል። ከዚያም የጎዳናውን ገጽ በሌዘር ለክተው፣ በአክስሉና በሻንሲው ላይ የንዝረት መለኪያ አስረው፣ አምሳሉ የተነበየውና መሣሪያው የመዘገበው እስኪቀራረቡ ድረስ ሒሳቡን ያርማሉ።

የነገሩ ምሥጢር ፍጥነቱ ነው። የከባድ መኪና ሻንሲ በባሕርዩ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል፣ አክስሉ ደግሞ 10 ጊዜ ያህል መወዛወዝ ይወዳልና፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሮጠው ጭነቱን የሚያናውጥበት፣ ዋልካው በክረምት አብጦ በበጋ እየተሰነጠቀ በአስፋልቱ ላይ የሚያነሣው 11 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ለስላሳ ማዕበል ነው። ያው መኪና በቁልቁለቱ በ20 ኪሎ ሜትር ሲያዘግም ግን ያን ማዕበል ከቁም ነገር ሳይቈጥር ያልፈውና በ3 ሜትሩ ይጨነቃል፤ ፍሬንና ሙቀት አስፋልቱን በግማሽ ሜትር ርቀት እየጨመደዱ ያበጁት ሽብሽብም፣ የድጓ ተማሪ ርክርክ የተባለውን የዜማ ምልክት ባየ ጊዜ ድምፁን እንደሚያርገበግብ፣ አክስሉን ያርገበግበዋል።

በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም ባንክ በብራዚል ካስደረገው ሙከራ የተወለደው ዓለም አቀፍ የመንገድ ሸካራነት መለኪያ፣ በ80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የአንድ አውቶሞቢል ሩብ አካል በሚያደርገው መናወጥ የሚሰላ ነው፤ ስለዚህ ለሜዳው ጎዳና የሚበጀውን ያህል ለዓባይ ቁልቁለት የሚበጅ አይመስለኝም።

መናወጡ ተመልሶ ጎዳናውንም ይጎዳል፤ በአሜሪካ በኢሊኖይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በተደረገው ሙከራ፣ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ክብደቱ አራት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ ያህል እንደሚያድግ ታውቋል፤ እንግዲህ ዘሎ ያረፈ ጎማ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቢጨምር ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሲኖትራክ የተባሉት ከባድ መኪኖችም በባሌስትራም በጭነትም በፍጥነትም የሚመሳሰሉ ስለሆኑ ከአንዱ ጉድጓድ የዘለሉት ሁሉ የሚያርፉት በአንድ ስፍራ ነውና፣ በቁልቁለቱ ላይ ሁለተኛው ጉድጓድ ከመጀመሪያው 3 ሜትር ያህል ርቆ ቢጀምር የሚያስደንቅ አይደለም።