የአንዲት አዋላጅ ጥያቄ

ነፍሰ ጡሯን በየምርመራው አዲስ ባለሙያ ከሚቀበላት፣ ከእርግዝና እስከ ድኅረ ወሊድ አንዲት የምታውቃት አዋላጅ ብትከታተላት ለውጥ ይመጣ ይሆን? በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር የሆኑት ጄን ሳንዳል ለዚህ ጥያቄ ብዙ የምርምር ዓመታት ሰጥተዋል። ተመራማሪ ከመሆናቸው በፊት በነርስነትና በአዋላጅነት ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት የኮክሬን ግምገማ፣ እናቶች በዕጣ የተመደቡባቸውን 15 ሙከራዎች አጣመረ። በድምሩ 17,674 እናቶች ተሳትፈውባቸዋል። የአዋላጅ ተከታታይ ክትትል ያገኙት እናቶች ያለጊዜው የመውለድ ዕድላቸው በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በ2024 ግምገማው በ17 ጥናቶች ሲታደስ፣ ክትትሉ በተፈጥሮ መንገድ የሚወልዱትን እንደሚያበዛ፣ በቀዶ ጥገና የሚወልዱትንም እንደሚቀንስ አመለከተ። ያለጊዜው መውለድን የሚመለከተው ማስረጃ ግን የቀድሞውን ያህል የጠነከረ አልሆነም። የራስን ድምዳሜ በአዲስ መረጃ ደግሞ መመዘን የሳይንስ ወግ ነው።

ከተገመገሙት ሙከራዎች መካከል በዝቅተኛ ገቢ አገሮች የተካሄደ አልነበረም። አዋላጆች በቁጥር አነስተኛ በሆኑበት፣ ጤና ጣቢያም በሚርቅበት ገጠር ይኸው አሠራር ምን ያህል ይጠቅማል? መልሱ ከለንደን ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያን ወጣት ተመራማሪዎችም ይጠብቃል።