እስስት በቀን ዓይኗን ስትከድን

ጠባዩ የሚለዋወጥን ሰው «እስስት» የምንለው በቀለሟ ነው። በቤት ለሚያሳድጓት ግን የጤናዋን ነገር ቀድሞ የሚናገረው ዓይኗ ነው። ጤነኛ እስስት ሁለቱን ዓይኖቿን ለየብቻ እያዟዟረች ስትቃኝ ትውላለች። በቀን ከድናቸው ከተቀመጠች ታማለች ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ሕመሟን ስለምትደብቅ ምልክቱ እስኪታይ በሽታው ሊጠና ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሳይዘገይ መውሰድ ይበጃል።

ዓይኗ ከሰረጎደ ብዙውን ጊዜ ውሃ አንሷታል። በሳህን የቀረበላትን እምብዛም አትጠጣም፤ የምትልሰው ቅጠል ላይ ያለውን ጠብታ ስለሆነ ቅጠሉን በየቀኑ ውሃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል። እግሯ ከተጣመመ ወይም ቅርንጫፍ መጨበጥ ካቃታት የካልሲየም ወይም የአልትራቫዮሌት ብርሃን እጥረት አጥንቷን አሳስቶት ሊሆን ይችላል። መስኮት ዳር ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም፤ መስታወቱ የሚያስፈልጋትን ጨረር ያስቀርባታል።

ደህና የምትመስል እስስትም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። ከነኳት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትንም ከእርሷ ማራቅ ያስፈልጋል።