ለታመመችው ላም ማን ይክፈል?

ቲቢ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰውን ነው። ይሁን እንጂ ከብትም የራሱ ቲቢ አለው። መንስኤው «ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ» የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሰውን ቲቢ ከሚያመጣው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከከብት ወደ ከብት በዋነኛነት በትንፋሽ፣ ወደ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባልተፈላ ወተት ይተላለፋል። በአገራችን አብዛኛው የሰው ቲቢ ከሰው የሚመጣ ቢሆንም፣ ጥሬ ወተት ለሚጠጣና ከከብቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚያድር ቤተሰብ አደጋው የሩቅ አይደለም።

በሽታው የሚበረታው ደግሞ ብዙ ተስፋ በጣልንበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በሚገኙ 88 የወተት እርባታዎች 2,956 ከብቶችን መርምሮ፣ 30 በመቶ ያህሉ በበሽታው መያዛቸውን አመልክቷል። ከእርባታዎቹም ግማሽ ያህሉ የተያዘ ከብት ነበራቸው። በገጠር በመስክ በሚሰማራው የሐበሻ ከብት ላይ ግን በሽታው እጅግ አነስተኛ ነው። ወተቷ የበዛ የፈረንጅና የዲቃላ ላም በቀላሉ ትጠቃለች፤ በጠባብ በረት ተጨናንቃ መዋሏም በሽታውን ያባብሳል። እነዚህ ጊደሮች ወደ ክልል ከተሞች ሲሸጡ በሽታውም አብሮ ይጓዛል።

ምርመራው አስቸጋሪ አይደለም። ከከብቱ አንገት ቆዳ ውስጥ ቱበርኩሊን ይወጋና ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል። ችግሩ የሚጀምረው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ዘመቻ ስትጀምር ከከብቶቿ 5 በመቶ ያህሉ የተያዙ ነበሩ። መርምሮ የማረድ መንገድ ተከትላ፣ ለባለቤቶቹም ካሳ እየከፈለች፣ እስከ 1940 ድረስ 3.8 ሚሊዮን ያህል ከብት አስወግዳ በሽታውን ከግማሽ በመቶ በታች አወረደችው። ያም ሆኖ በ1931 የአዮዋ ገበሬዎች ምርመራውን በመቃወማቸው ወታደር እስከመላክ ተደርሷል።

ካሳ እየተከፈለ ይህን ያህል ተቃውሞ ከተነሳ፣ ያለ ካሳ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። አንዲት ላም ለብዙ ቤተሰብ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ናት፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ናት። «ላምህ ታማለች፣ ትታረድ» የተባለ ሰው ካሳ ከሌለው ደላላ ይጠራል። ላሚቱም በማግስቱ የሌላ ሰው በረት ውስጥ ትገኛለች።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(8) መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዝዛል። በእርግጥ የታመመን ከብት ማስወገድ ንብረት መውሰድ ነው ወይስ ጤናን የመጠበቅ ሥልጣን ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢፈታ ግን፣ ሰው ራሱን ለመጉዳት ብሎ የሚፈጽመው ሕግ የለም። የካሳው ወጪም ብዙ ነው፤ ከሦስት ከብት አንዱ በተያዘበት አካባቢ ሁሉንም መግዛት የሚቻል አይመስልም።

እዚህ ላይ አንድ ተስፋ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፔንስልቬንያ ስቴትና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በኢትዮጵያ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ለሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለጥጆችም እንደሚሠራ አሳይቷል። ተከትበው ቢያዙ እንኳ በሽታውን የማስተላለፍ አቅማቸው በ74 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ክትባቱ የተለመደውን ምርመራ ስለሚያሳስት፣ የተከተበውን ከታመመው የሚለይ ሌላ ምርመራ አብሮ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ካሳው ለሁሉም ባይዳረስ እንኳ፣ ጊደር አርብተው ለሌላው ከሚሸጡት መጀመር ይቻላል። ያልተመረመረ ከብት አይሸጥ፤ ተመርምሮ የተገኘበትም ባዶ እጁን አይቅር። ጥጆቹ ይከተቡ። እስከዚያው ግን ወተታችንን አፍልተን እንጠጣ፤ ይህ አዋጅ አያስፈልገውም።