ለሞቃት ባሕር የቱቦ ዋና የሚመረጡ ልብሶችና ስያሜዎቻቸው

መግቢያ

ለሙያ ቃላት የአማርኛ አቻ በመፈለግ ሥራ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግሩት ረቂቅ ፅንሰ ሐሳቦች ናቸው የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ይሁን እንጂ በእጅ የሚዳሰስና በዓይን የሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ ልብስ፣ አገልግሎቱ በቅጡ ሳይታወቅ ሲሰየም ከረቂቁ ፅንሰ ሐሳብ የማይተናነስ ስሕተት ያስከትላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ያለውን አንድ ጠባብ የቃላት መስክ ነው፤ ይኸውም በሞቃት ባሕር ፊትን ወደ ውሃው ዘቅዝቆ፣ በቱቦ እየተነፈሱ የባሕሩን ወለል እየተመለከቱ ለመዋኘት የሚለበሱትን ልብሶችና የሚያዙትን መሣሪያዎች ነው።

መስኩ ከደጋማው አገራችን የራቀ ቢመስልም አማርኛ ተናጋሪው ከባሕሩ የራቀ አይደለም። በእስራኤል የሚኖረው ማኅበረሰባችን በኤላት የኮራል ዳርቻ ይዝናናል። ወደ ጂቡቲ የሚሻገር መንገደኛ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ የሚታየውን ዌል ሻርክ የተባለ ግዙፍ ዓሣ ለማየት ጀልባ ይሳፈራል። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እኅቶቻችንም የአሠሪዎቻቸውን ልጆች አልብሰው ወደ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። እነዚህ ሁሉ በልብሱ ላይ የተሰፋውን ምልክትና የአጠቃቀም መመሪያውን በሚያውቁት ቋንቋ ቢያገኙት ይጠቀማሉ። መመሪያው የተሳሳተ ከሆነ ግን ጉዳቱ የሰዋስው ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

1. የድርጊቱ ስም

አማርኛ በውሃ ውስጥ ለሚደረጉ ሁለት ድርጊቶች «ዋኘ» እና «ጠለቀ» የሚሉ የታወቁ ግሦች አሉት። የምንነጋገርበት ድርጊት በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ዋናተኛው በውሃው ገጽ ላይ ስለሚቆይ ጠላቂ አይባልም፤ ፊቱን ከውሃው ስለማያወጣም እንደ ተራ ዋናተኛ አይቆጠርም።

«ስኖርክል» የሚለው ቃል የመጣው ከጀርመንኛው «ሽኖርሸል» ነው። ይህ ቃል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከውሃ ሳይወጡ ለሞተሮቻቸው አየር የሚስቡበት ቱቦ ስም ነበር፤ በቀበሌኛ አፍንጫ ወይም የእንስሳ አፍ ማለት ሲሆን ማንኮራፋት ከሚለው ግሥ ጋርም ይዛመዳል። ቱቦውን ከጦርነቱ በፊት የሠሩት ሆላንዳውያን ደግሞ ማሽተትን ወይም በአፍንጫ መሳብን በሚያመለክት ቃል ሰይመውት ነበር። ፈረንሳዮች መሣሪያውን «ቱባ» ሲሉት ድርጊቱን «በመቅዘፊያ ጫማ የሚደረግ የእግር ጉዞ» እንደ ማለት ባለ ሐረግ ይጠሩታል። እንግዲህ አንዱ ቋንቋ አፍንጫን፣ ሌላው ቱቦን፣ ሌላው እግርን መነሻ አድርጓል ማለት ነው።

በአማርኛ «ስኖርክል ማድረግ» የሚለው አነጋገር መሰማቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ቃሉን ላልለመደ ሰው ምንም አይነግረውም። «ቱቦ» ግን በቤትም በመንገድም የሚታወቅ ቃል በመሆኑ መሣሪያውን «መተንፈሻ ቱቦ»፣ ድርጊቱን «የቱቦ ዋና»፣ አድራጊውን «ባለቱቦ ዋናተኛ» ብንለው ትርጉሙ ለሰሚው ግልጽ ይሆናል፤ ከመዋኘትና ከመጥለቅም ይለየዋል።

2. «ሙቅ» እና «ሞቃት»

ልብስ የሚመረጠው በውሃው ሙቀት መጠን ስለሆነ መጀመሪያ መጥራት ያለበት ይህ ቅጽል ነው። በባዕድ ቋንቋ «ሞቃት ውሃ» የሚለው ሐረግ በአማርኛ «ሙቅ ውሃ» ተብሎ ከተተረጎመ አንባቢው የሚያስበው የገላ መታጠቢያውን ውሃ ነው፤ እንዲህ ላለው ውሃ ደግሞ ልብስ እንደማያስፈልግ ይገምታል። ሐቁ ሌላ ነው። በኤላት የባሕሩ ገጽ በክረምታቸው ማብቂያ ወደ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ሲል በበጋ ወደ 27 እና 28 ዲግሪ ይደርሳል። የሰው ሰውነት ሙቀት ግን 37 ዲግሪ ያህል ነው፤ ውሃም ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአየር 25 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በ27 ዲግሪ አየር ላይ ላብ የሚያልበው ሰው በ27 ዲግሪ ባሕር ውስጥ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ቢቆይ ጥርሱ ሊንገጫገጭ ይችላል። ባለቱቦ ዋናተኛ ደግሞ ከዋናው ይልቅ ማየቱን ስለሚያበዛ እንቅስቃሴው ጥቂት ነው።

በዚህ ምክንያት «ሞቃት ባሕር» የሚለውን ሐረግ መርጠናል። «ሞቃት» አገርንና አየርን ለመግለጽ የለመድነው ቅጽል በመሆኑ የቦታውን ጠባይ እንጂ የመታጠቢያ ውሃን አያስታውስም። ተርጓሚው ከቅጽሉ ቀጥሎ የዲግሪውን ቁጥር ቢጽፍ ደግሞ ጥርጣሬው ፈጽሞ ይወገዳል።

3. «የሽፍታ መከላከያ» ወይስ «የዋና ከናቴራ»?

ከ28 ዲግሪ በላይ በሆነ ባሕር ብዙ ሰዎች የሚለብሱት ከገላ ጋር የሚጣበቅ፣ ከናይለን ወይም ከፖሊስተር ከሚለጠጥ ክር ጋር የተሠራ ስስ ልብስ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም «የሽፍታ መከላከያ» ይሆናል፤ ስሙ የወጣለት በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ከሰሌዳቸው ጋር ሲፋተጉ ቆዳቸው ሽፍ እንዳይል ስለሚለብሱት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የቆዳው «ሽፍታ» እና ጫካ የገባው «ሽፍታ» በንግግር በመጥበቅና በመላላት ቢለያዩም ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አንድ ናቸው። በዚያ ላይ «መከላከያ» የሚለው ቃል ሲታከልበት አንባቢው የሚታየው የመዋኛ ልብስ ሳይሆን ሽፍቶችን ለማሳደድ የዘመተ ጦር ነው። ስሙ ከዚህም ሌላ ጉድለት አለበት፤ ለባለቱቦ ዋናተኛ ልብሱ የሚሰጠው ዋና ጥቅም ከፀሐይ መከለል እንጂ መፋተግን መከላከል አይደለም። ዋናተኛው በደረቱ ስለሚንሳፈፍ ማጅራቱ፣ ጀርባውና ባቱ ለረዥም ጊዜ ለፀሐይ ይጋለጣሉ፤ ውሃው ቆዳውን ስለሚያቀዘቅዘው ደግሞ መቃጠሉ የሚታወቀው ማታ ነው።

ለዚህ ልብስ «የዋና ከናቴራ» የሚለውን ስም እናቀርባለን። «ከናቴራ» ከኢጣልያንኛ የተዋስነው ቃል ነው፤ መነሻውም የጀልባ ቀዛፊ የሚለብሰው ልብስ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ወደ ውሃ ሲመለስ እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን «የዋና» የሚለው ቅጥያ መጣል የለበትም። ተራው የጥጥ ከናቴራ በውሃ ውስጥ ይከብዳል፣ እንቅስቃሴን ይጎትታል፣ ከባሕር ሲወጡም ነፋስ ሲነካው ያበርዳል። ስስና ነጭ ሲሆን ከፀሐይ ጨረር የሚሰጠው ከለላ አነስተኛ ነው፤ ሲርስና ሲለጠጥ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል።

በዋና ከናቴራው ላይ የሚታየው 50 የሚለው ቁጥር የልብስን የጨረር ከለላ መጠን ያመለክታል። እንዲህ ያለው የልብስ መለኪያ በደረጃ የወጣው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቁጥሩ 50 ከሆነ ጨርቁ የሚያሳልፈው ከ50 እጅ አንዱን፣ ማለትም 2 በመቶውን ነው። በቅባት ላይ የሚጻፈው ቁጥር የቆዳን መቅላት መነሻ ያደረገ ሌላ መለኪያ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አይገባም። ለጨርቁ «የልብስ ከለላ ቁጥር»፣ ለቅባቱ «የቅባት ከለላ ቁጥር» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል።

በቅባት ላይ «ውሃ የሚቋቋም» እና «ውሃ የማያስገባ» የሚሉትንም መለየት ያሻል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ ሁለተኛውን አነጋገር ከቅባት መግለጫዎች ላይ ከልክሏል፤ የተፈቀደው ቅባቱ ውሃን ለ40 ወይም ለ80 ደቂቃ እንደሚቋቋም መግለጽ ብቻ ነው። በተጨማሪም ፓላው ከእ.ኤ.አ. 2020፣ ሐዋይ ከእ.ኤ.አ. 2021 መጀመሪያ አንሥቶ ለኮራል ጎጂ ናቸው ያሏቸውን ኬሚካሎች የያዙ ቅባቶች እንዳይሸጡ አግደዋል። እጅጌውና አንገቱ ረዥም የሆነ ልብስ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ በጨርቅ የተሸፈነ ቆዳ ቅባት አያስፈልገውም። ገላቸውን ሸፍነው መዋኘት ለሚመርጡ ሴቶች የታሰበው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአውስትራሊያ አሂዳ ዛኔቲ የፈጠሩትና «ቡርካ» እና «ቢኪኒ» ከሚሉት ቃላት ስሙ የተገጣጠመለት ቡርኪኒም በዚህ ረገድ ያው ጥቅም አለው።

4. የሚያረጥበው ልብስ

የባሕሩ ሙቀት ከ26 ዲግሪ ሲያንስ፣ ወይም ዋናው ሲረዝም፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የኒዮፕሪን ልብስ ይመረጣል። የእንግሊዝኛ ስሙ ቃል በቃል «እርጥብ ልብስ» ማለት ነው። ይህን ስም ያነበበ ሰው ከታጠበ በኋላ ያልደረቀ ልብስ ቢመስለው አይፈረድበትም። አንዳንዱ ተርጓሚ ይህን ለመሸሽ ሲል «ውሃ የማያስገባ ልብስ» ቢለው ደግሞ ትርጉሙን ፈጽሞ ይገለብጠዋል፤ ልብሱ ውሃ ያስገባልና።

የስሙ ምሥጢር የሚገኘው በአሠራሩ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተገነዘቡት ጠላቂ እንዳይበርደው የግድ ደረቅ መሆን እንደሌለበት ነው። ኒዮፕሪን ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን በውስጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ታምቀዋል፤ ሙቀቱን በዋነኛነት የሚይዙት እነዚህ አረፋዎች ናቸው። በልብሱና በገላው መካከል የሚገባው ስስ ውሃ በሰውነት ሙቀት ይለዝባል፤ ልብሱ በልክ ከሆነም ከዚያው ሳይወጣ ይቆያል። ከዚህ አንድ የመምረጫ መመሪያ ይገኛል፤ ልብሱ ሰፊ ከሆነ ውሃው ዘወትር እየገባና እየወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ስሙን «ውሃ የማያስገባ» ብሎ የተቀበለ ገዢ ግን ውሃ ሲገባበት ልብሱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ወይም ልኩን ሳይጠነቀቅ ሰፊውን ይገዛል።

ስለዚህ «ሙቀት ጠባቂ ቱታ» የሚል ስም እናቀርባለን። «ቱታ» ላይና ታቹ የተያያዘ ልብስን ለማመልከት በሠራተኛውም በስፖርተኛውም ዘንድ የታወቀ ነው፤ «ሙቀት ጠባቂ» የሚለው ደግሞ መርጠቡን ሳይሆን ተግባሩን ይናገራል። በእርግጥ ውሃ ለማያስገባውና ለቀዝቃዛ ባሕር ለተሠራው ሌላ ልብስ «ውሃ የማያስገባ ቱታ» የሚለው ስም ተጠብቆ ይቆይ።

5. መነጽር፣ ጭምብልና መቅዘፊያ ጫማ

በአማርኛ ዓይን ላይ የሚደረግ መስተዋት ሁሉ «መነጽር» ይባላል። ለቱቦ ዋና ግን ዓይንን ብቻ የሚሸፍነውና አፍንጫን ጨምሮ የሚሸፍነው መለየት አለባቸው። ዋናተኛው ጥቂት ሜትር ዝቅ ቢል የውሃው ግፊት መስተዋቱን ወደ ፊቱ ይጫነዋል። አፍንጫው በውስጥ ከሆነ ትንሽ አየር በአፍንጫው አውጥቶ ግፊቱን ያስተካክላል፤ ከውጭ ከሆነ ግን መፍትሔ ስለሌለው ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው «የዋና መነጽር»፣ ሁለተኛው «የዋና ጭምብል» ቢባሉ መልካም ነው። ጢምና ከጠርዙ ሥር የገባ ጸጉር ውሃ እንደሚያስገቡም መመሪያው ሊያሳስብ ይገባል።

በእግር ለሚጠለቀው ሰፊ መሣሪያ «ክንፍ» የሚል ሐሳብ ይቀርባል፤ የዓሣውን በማስታወስ ነው። እኛ ግን የጣና ታንኳ ቀዛፊ ከሚያውቀው «መቅዘፊያ» ከሚለው ቃል ተነሥተን «መቅዘፊያ ጫማ» ማለትን መርጠናል፤ የሚለበስበትንም የሚሠራበትንም ባንድነት ያመለክታልና። ተረከዝን የሚሸፍነው ዓይነት በባዶ እግር ይለበሳል። ተረከዙ ክፍት የሆነው ከሥሩ የኒዮፕሪን ጫማ ስለሚፈልግ ድንጋያማ ለሆነ ዳርቻ ይስማማል።

6. ጃኬትና ሰደርያ

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ክፍል ነው። የሚያንሳፍፍ ልብስ ሁሉ በአማርኛ «የሕይወት አድን ጃኬት» እየተባለ ይተረጎማል፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ ገልብጦ አፉን ከውሃ በላይ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ሁለተኛው መዋኘት ለሚችልና ርዳታ በቅርቡ ላለው ሰው የሚሆን፣ በዓለም አቀፉ ደረጃ ቢያንስ 50 ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይል የሚጠየቅበት መርጃ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ይገለብጣል ተብሎ አይታመንበትም። ሦስተኛው ባለቱቦ ዋናተኛ የሚያጠልቀው፣ በአፍ የሚነፋ ስስ ልብስ ነው፤ ካልተነፋ ምንም አያንሳፍፍም።

ባለቱቦ ዋናተኛ ፊቱን ወደ ታች መያዝ ስላለበት የመጀመሪያውን ዓይነት መልበስ አይመቸውም፤ ልብሱ ሊገለብጠው ይታገላልና። ስለዚህ በጀልባ ላይ የሚታደለው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። ይህን ልብስ «ሕይወት አድን» ብሎ የተረጎመ ሰው ዋና ለማያውቅ አንባቢ ሐሰተኛ ዋስትና ሰጠ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት «ሕይወት አድን» የሚለው ቃል ለመጀመሪያው ብቻ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛውን «የመንሳፈፊያ ሰደርያ»፣ ሦስተኛውን «የሚነፋ ሰደርያ» ማለት ይቻላል። «ሰደርያ» እጅጌ የሌለውን ልብስ በትክክል ይገልጻል፤ ስሙም ከሚችለው በላይ ተስፋ አይሰጥም።

ማጠቃለያ

ከላይ በዝርዝር የተመለከትናቸው ስያሜዎች ባጭሩ እንደሚከተለው ናቸው።

የቱቦ ዋና፦ ፊትን ወደ ውሃ ዘቅዝቆ፣ በመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሱ በባሕር ገጽ ላይ መዋኘት።

የዋና ከናቴራ፦ ከፀሐይና ከመፋተግ የሚከልል፣ ከገላ የሚጣበቅ ስስ ልብስ።

ሙቀት ጠባቂ ቱታ፦ ውሃ እያስገባ ሙቀትን የሚይዝ የኒዮፕሪን ልብስ።

የዋና ጭምብል፦ ዓይንንና አፍንጫን ባንድነት የሚሸፍን ባለመስተዋት መሣሪያ።

መቅዘፊያ ጫማ፦ ውሃን ለመግፋት በእግር የሚጠለቅ ሰፊ መሣሪያ።

ሕይወት አድን ጃኬት፦ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ የሚገለብጥ መንሳፈፊያ።

የመንሳፈፊያ ሰደርያ፦ ዋና ለሚችል ሰው በመንሳፈፍ የሚያግዝ፣ የማይገለብጥ ልብስ።

የሚነፋ ሰደርያ፦ በአፍ ሲነፋ ብቻ የሚያንሳፍፍ፣ የማይገለብጥ ልብስ።

ከእነዚህ ስያሜዎች አንዳንዶቹ በአጠቃቀም ይጸናሉ፤ ሌሎቹ ይሻሻሉ ይሆናል። ቃላቱ ቢለወጡም የተከተልነው መንገድ ግን ሊጠበቅ የሚገባው ይመስለናል። ይኸውም ተርጓሚው የባዕዱን ቃል ከመፍታቱ በፊት ልብሱ በውሃ ውስጥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መጠየቁ ነው። የተሻለ ስያሜ ያላቸው አንባብያን ከነምክንያቱ ቢያቀርቡልን በደስታ እንመረምረዋለን።