ለቢልሃርዚያ መድኃኒት እንዴት ይፈለጋል?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት አራት እጩ መምህራን ወንጂ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። አንድ ቀን ለተማሪዎች የቢልሃርዚያ ክኒን የሚታደልበት ዕለት ሆነና መለኪያውን እንጨት እንድንይዝ ታዘዝን። እንጨቱ የልጁን ክብደት አይጠይቅም፤ ቁመቱን ብቻ። ከ94 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ክኒን፣ እስከ 125 የደረሰ አንድ ተኩል፣ እስከ 138 የደረሰ ሁለት እያለ ወደ ላይ ይቀጥላል። ከእህቱ ጋር የመጣ አንድ ትንሽ ልጅ ተራውን ጠብቆ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ተረከዙንም ሰረቅ አድርጎ ከፍ አለ። ይሁንና ከመጀመሪያዋ መስመር አልደረሰም። «አንተ ገና ነህ» ብለን መለስነው። እህቱ ልብስ ልታጥብ ወደ ቦዩ ስትወርድ እሱም አብሯት እንደሚወርድ ግን አይተናል።

አዳማ ከተመለስን በኋላ ማታ ማታ የተከራከርነው በዚሁ ነው። ለእሱ የሚሆን ክኒን ለምን አልነበረም? ደግሞስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ክኒን ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ያነበብነውንና የጠየቅነውን እነሆ።

በሸንኮራ አገዳው ቦዮች ያለው ትል ስኪስቶሶማ ማንሶኒ ይባላል። እንቁላሉ ከሕመምተኛው ሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈልና አንድ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና ውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል! ካደገ በኋላ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። አንዷ ሴት ትል በቀን እስከ 300 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚህም ብዙው ጉበት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከትሉ ሳይሆን ከዚህ እንቁላል ነው።

ታዲያ በአገራችን የዚህ በሽታ ምርምር ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶድን እኮ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ነገር ግን የሞተውን ቀንድ አውጣ ቆጥሮ «ለምን?» ያለ አልነበረም። ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በአድዋ እንዶድ ውኃው ላይ እየተረጨ ሲሞከር በትንንሽ ልጆች ዘንድ የነበረው ሕመም ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያወዳደሩ የተሻለውን መረጡ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ቢሆንም በአገር ውስጥ የተገኘው ውጤት በውጭ ላቦራቶሪ እንደገና ይፈተን እየተባለ ዓመታት ነጎዱ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። (እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው። ለሰው ግን መርዝ ነው፤ ማንም እንዳይጠጣው።)

ሰው የሚውጠው ክኒን ፕራዚኳንቴል ነው፤ በ1970ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ተሠራ። በአገራችንም በትምህርት ቤቶች በኩል በብሔራዊ ደረጃ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጎልማሳውን ትል ይገድላል፤ ገና የገባውን ግን እምብዛም አይነካውም። ልጁ ነገ ቦዩ ውስጥ ቢገባ እንደገና ይያዛል። የሚያስፈራው ደግሞ ትሉ አንድ ቀን ክኒኑን ቢለምደው በተጠባባቂነት የቆመ ሌላ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ነው ሁለተኛ መድኃኒት የሚፈለገው፤ ኮምፒውተርም እዚህ ላይ ይገባል።

ነገሩን በመሶብ እንመልከተው። የአንዱ መሶብ ክዳን ለሌላው አይገጥምም። በትሉ ሰውነት ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችም እንደ መሶቡ ጎድጓዳ ስፍራ አላቸው፤ መድኃኒት ማለት በዚያ ስፍራ ገጥሞ ሥራውን የሚያውክ ክዳን ነው። የትሉ የዘር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል፤ የፕሮቲኖችን ቅርጽ በኮምፒውተር የመተንበዩ ሥራም እ.ኤ.አ. የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ኮምፒውተሩ እንግዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ውሕዶችን አንድ በአንድ እያገላበጠ «ይህ ይገጥማል፣ ያ አይገጥምም» እያለ ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ ሁሉ ጥቂቶቹ ብቻ ተመርጠው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳሉ።

ግን ነጥብ መስጠት ማዳን አይደለም። ፕሮቲን እንደ ስፌት መሶብ ጸጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ይላወሳል። ኮምፒውተሩ አንደኛ ያለው ውሕድ ሳሕን ላይ ያለውን ሕያው ትል ሳይነካው ሊቀር ይችላል፣ ወይም ትሉን ገድሎ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሳሕኑ፣ አይጡ፣ በመጨረሻም ፈቃደኛው ሰው አይቀሬ ናቸው። ሌላም አስገራሚ ነገር አለ፤ ፕራዚኳንቴል ትሉን የሚመታበት ዋናው ስፍራ በሽፋኑ ላይ ያለ የካልሲየም በር መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሚሊዮኖች ከዋጡት በኋላ ማለት ነው! የጎድጓዳውን ቅርጽ ለመረዳት ኮምፒውተር የረዳውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። ክኒኑ ውስጥ እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅርጾች ግማሽ በግማሽ ተቀላቅለዋል፤ ትሉን የሚገድለው አንደኛው ነው። ሌላው ክኒኑን ከማተለቅና ከማምረር በቀር እምብዛም ጥቅም የለውም። ገዳዩን ብቻ ለይተው በውኃ የሚሟሟ ትንሽ ክኒን ሠሩ፤ አርፕራዚኳንቴል ይባላል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት እንዲሆን የድጋፍ አስተያየት ሰጥቶበታል። እኛ በያዝነው እንጨት ላይ ግን የመጀመሪያዋ መስመር ያኔም 94 ላይ ነበረች፤ ልጁም የእህቱን እጅ ይዞ ሄደ።